የጎመን ምንቸት አይውጣ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በአገራችን የሚነገር አንድ የቆየ አባባል አለ። «የጎመን ምንቸት ውጣ፤ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። አባባሉ አጭር ቢሆንም የገበሬውን ዓመት በሙሉ የያዘ ነው። የችግሩ ወራት አለፉ፤ ጎመን እየቀቀልን የሰነበትንበት ሸክላ ከማጀት ይውጣልን፤ አዲስ እህል የሚገነፋበት ይግባልን ማለት ነው። ደስታውም ምኞቱም እውነተኛ ስለሆነ፣ ይህን የሚለውን ሰው የሚነቅፍ የለም።

እኛ ግን ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚሁ እንዲወጣ ስለሚታዘዘው ምንቸት ነው። ይህ ምንቸት ለወጣቱ ተማሪና ሥራ ለጀመረው ወጣት ሹም ያለው ጥቅም ከሚገመተው በላይ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

እህል ሲጎድል የሚሞላ

ገበሬው ባለፈው ዓመት ያመረተው እህል ከጎተራው እየተሟጠጠ የሚሄደው ሰኔ ሲገባ ነው። አዲሱ ጤፍና ስንዴ የሚታጨደው ደግሞ ኅዳር ከገባ በኋላ ነው። በመካከል ያሉት ወራት ሥራው የሚበዛባቸው፣ መሶቡ ግን የሚጎድልባቸው ናቸው። እነዚህን ወራት ቤተ ሰቡን የሚያሻግሩት በጓሮ የበቀለ ጎመን፣ በበልግ ተተክሎ በክረምቱ መግቢያ የሚወጣ ድንች፣ በነሐሴ የሚደርስ የበቆሎ እሸት ናቸው። በትግራይ ተራሮች ደግሞ የክረምቱ በለስ የስንቱን ልጅ ሆድ እንደሚሸፍን የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ እነዚህ ምግቦች የድኻ ምግብ የተባሉት ስለማይጣፍጡ አይደለም፤ እህል በጠፋ ጊዜ ስለሚገኙ ነው። «ጎመን በጤና» የሚለው ተረት እንኳ ሰላም ይሁንልኝ እንጂ ሥጋው ይቅርብኝ ለማለት የሚነገር መጽናኛ ነው። ተረቱን የሚናገረው ሰው ጤናውን ያመሰግናል እንጂ ጎመኑን አያመሰግንም።

የድንቹ ታሪክ ይህን ነገር በግልጥ ያሳያል። ድንች ወደ አገራችን የመጣው በሩቅ ዘመን አይደለም። ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት በሰሜን ኢትዮጵያ ኖሮ ነበር፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1858 ድንችን ያስገባውም እርሱ እንደ ሆነ ይነገርለታል። ነገር ግን ሕዝቡ ይህን እንግዳ ሥር ወዲያውኑ አልወደደውም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. «ክፉ ቀን» የተባለው ታላቅ ረኃብ በመጣ ጊዜ የከብት በሽታ በሬዎችን ፈጀ፤ የሚያርስ በሬ ሲጠፋ እርሻው ጾሙን አደረ። በመቆፈሪያ ብቻ ሊተከል የሚችለው ድንች በደጋው አገር በሰፊው የተለመደው ከዚያ መከራ ወዲህ ነው። ዛሬ በአዊ፣ በጎጃም፣ በሻሸመኔ አካባቢና በጋሞ ደጋ ድንች የሌለበት ጓሮ ማግኘት ያስቸግራል።

በቆሎም ቢሆን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። በአንዳንድ የሰሜን አገር «የባሕር ማሽላ» መባሉ ይህንኑ ይመሰክራል። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ሲሆን፣ ዛሬ ግን በኢትዮጵያ በምርት ብዛት ከእህል ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነው። ጎመን ግን የገዛ ርስታችን ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ብራሲካ ካሪናታ የሚሉት የሐበሻ ጎመን ከእኛው ደጋ አገር የወጣ ተክል መሆኑን ይናገራሉ። ቅጠሉ ይበላል፤ ዘሩም ተወቅጦ የእንጀራ ምጣድ ይታሰስበታል። እንግዲህ የናቅነው ሌላውን ሳይሆን የራሳችንን ነው ማለት ነው።

የወር ደመወዝና የምግብ ቤት ወንበር

አሁን ደግሞ ወደ ወጣቱ እንመለስ። በገጠር ወይም በትንሽ ከተማ ያደገ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት ይቀጠራል፤ በከተማውም አንዲት ክፍል ይከራያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር እርግፍ አድርጎ ይተዋል፤ አንደኛው ማጀት ነው፤ ሁለተኛው እናቱ ያሳደገችበት ምግብ ነው። ደመወዝ በተቀበለ ሰሞን ጥብስ ያዛል። ወሩ ሲጋመስ ወደ ሽሮ ይወርዳል። ወሩ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ዳቦ በሻይ ነክሮ ያድራል፤ ወይም ከምግብ ቤቱ የዱቤ መዝገብ ላይ ስሙን ያስጽፋል። ተማሪውም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ከማኮሮኒና ከፓስታ በቀር ድስቱ ሌላ ነገር ሳያይ ዓመቱ ያልፋል።

ይህ ወጣት በነሐሴ ጧት ወደ ሥራው ሲሄድ ጎመን በዘንቢል የያዘች ባልቴት፣ በቆሎ በማዳበሪያ ያወረደ ገበሬ፣ በለስ እየላጠ የሚሸጥ ልጅ በደጁ ቆመው ያያቸዋል። አልፏቸውም ይሄዳል። በዚያው ሰዓት በትውልድ መንደሩ እናቱና ታናናሾቹ ክረምቱን የሚሻገሩት በዚሁ በጎመኑና በበቆሎው ነው። እርሱ በዱቤ ለሚበላው ምግብ ዕዳ እየከፈለ ለቤተ ሰቡ የሚልከው ገንዘብ ያጣል። ነገሩ የምግብ ምርጫ ብቻ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው። የደመወዙ ግማሽ በሆዱ በኩል የሚያልፍበት ወጣት ለመጽሐፍም፣ ለወላጅም፣ ለነገ ትዳሩም የሚያስቀምጠው አይኖረውም።

ሁሉም በቀኑ

የእሸት ነገር አንድ ሕግ አለው፤ እርሱም ሁሉም በቀኑ መበላት አለበት የሚለው ነው። በቆሎ እሸት ሲሆን ጣፋጭነቱ በውስጡ ካለው ስኳር የመጣ ነው። ከአገዳው ላይ ከተቆረጠባት ሰዓት ጀምሮ ግን ያ ስኳር ወደ ስታርች መለወጥ ይጀምራል። ስለዚህ ዛሬ የተቆረጠው ይጣፍጣል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ያው በቆሎ ደረቅና ለዛ ቢስ ይሆናል። ጎመንም እንዲሁ ነው። በውስጡ ያለው ቪታሚን ሲ ቅጠሉ ሲጠወልግ ይቀንሳል፤ በብዙ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቀቀል ደግሞ ከውሃው ጋር ይፈሳል፤ በእሳቱም ይጠፋል።

ከዚህ የምንረዳው ትኩስ ነገር ብዙ ሥራ የማይፈልግ መሆኑን ነው። ያረጀ ነገር በቅመምና በዘይት ብዛት ይሸፈናል፤ እሸት ግን ጨውና እሳት ይበቃዋል። ወጥ መሥራት አልችልም ለሚል ወጣት ከዚህ የሚቀል ትምህርት ቤት አይገኝለትም።

ወራቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሰኔና ሐምሌ የጎመንና የአዲስ ድንች ወራት ናቸው። ከነሐሴ እስከ መስከረም የበቆሎ እሸት ይበዛል፤ በለስም በዚሁ ጊዜ ይገኛል። መስከረም ሲጋመስ የባቄላ እሸትና ዱባ ይከተላሉ። የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ በዋልካው መሬት የሚዘራው ሽምብራ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በእሸትነቱ ከነአገዳው ታስሮ ወደ ከተማ ይመጣል፤ እርሱማ ድስትም አይፈልግም፤ እየፈለፈሉ እየተጨዋወቱ መብላት ነው።

በአንጻሩ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም በአብዛኛው በበጋ በመስኖ የሚለሙ ስለሆኑ፣ በክረምት ዝናብ ያበላሻቸዋል፤ ዋጋቸውም ይወደዳል። ብዙ ሽንኩርት የሚፈጀውን ወጥ በነሐሴ ለመሥራት የሚታገል ሰው ከወራቱ ጋር እየተጣላ ነው። ጎመንና ድንች ግን ብዙ ሽንኩርት አይጠይቁም።

ከአንድ ድስት የሚወጣ ምሳ

ቀጥለን አራት ምግቦችን እንጠቁማለን። ለሁሉም አንድ ድስት፣ አንድ ቢላዋ፣ አንድ ምድጃ ይበቃል።

መጀመሪያ ጎመን ነው። ቅጠሉን ሳትከትፉት በፊት አንድ በአንድ በብዙ ውሃ እጠቡት፤ ከተከተፈ በኋላ ቢታጠብ ደኅናው ነገር ከውሃው ጋር ይሄዳል። ከዚያ አድቅቃችሁ ክተፉት። በድስት ጥቂት ዘይት አግላችሁ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ጣሉበት፤ ሽታው ሲያውድ ጎመኑን ጨምራችሁ አንድ ስኒ ያህል ውሃ አፍስሱበትና ክደኑት። ቅጠሉ ሲለሰልስ፣ መልኩም ገና አረንጓዴ ሳለ ጨውና የተሰነጠቀ ቃሪያ ጨምራችሁ አውጡት። ዘይቱን ፈጽማችሁ አትተዉት፤ በጎመን ውስጥ ሆኖ ለዓይን የሚጠቅመው ነገር ወደ ሰውነት የሚገባው ከቅባት ጋር ነውና። ሲቀርብም ሎሚ ብትጨምቁበት በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችሁ በተሻለ ሁኔታ ይቀበለዋል። ጾም ባልሆነ ቀን ትንሽ አይብ ከጎኑ ቢቀመጥ ደግሞ የግብዣ ምግብ ይሆናል። በጉራጌ አገር ለመስቀል ከክትፎው ጋር ጎመን ክትፎ የሚቀርበው በከንቱ አይደለም። በድኻ ምግብነቱ የሚናቀው ጎመን እዚያ የበዓል ማዕድ ላይ ከሥጋው ጎን ይቀመጣል።

ሁለተኛው ድንች ነው። ከነልጣጩ አጥባችሁ ቀቅሉት፤ ቢላዋ ሳይታገል ሲገባበት በስሏል ማለት ነው። በትኩሱ ልጣችሁ በሚጥሚጣና በጨው፣ ወይም በአዋዜ እያጠቀሳችሁ ብሉት። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ፀሐይ ላይ ሰንብቶ ቆዳው አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዝነት ያለው ነገር ስለሚፈጥር አትግዙት። የገዛችሁትንም ከብርሃን አርቃችሁ በጨለማ ስፍራ አስቀምጡ።

ሦስተኛው የበቆሎ እሸት ነው። መጥበሱን ሁሉም ያውቀዋል። መቀቀል የፈለገ ግን የላይኛውን ገለባ አውልቆ የውስጡን ስስ ቅጠል ይተውለት፤ መዓዛውን የሚጠብቀው እርሱ ነው። ጠንከር ያለውን በቆሎ ፈልፍላችሁ ከባቄላ እሸት ጋር ብትቀቅሉት ለሁለት ሰው የሚበቃ ንፍሮ ይወጣላችኋል። አባቶቻችን እህልን ከጥራጥሬ ጋር መቀላቀልን ያስለመዱን ያለ ምክንያት አይደለም። በቆሎ ብቻውን የሚጎድለው የሰውነት መገንቢያ ነገር በባቄላው ውስጥ ይገኛል፤ ባቄላውም የሚጎድለውን ከበቆሎው ያገኛል። ሁለቱ ሲገናኙ ገንዘብ ላጠረው ሰው የሥጋን ሥራ ይሠራሉ።

አራተኛው ዱባ ነው። ልጣጩን አንሥታችሁ በጉራጅ ጉራጁ ቁረጡት። ጥቂት ሽንኩርት በዘይትና በበርበሬ አቁላልታችሁ ዱባውን ጨምሩ፤ ከራሱ ውሃ ስለሚያወጣ ብዙ ውሃ አታፍስሱበት። ጣፋጭነቱ በርበሬውን ያበርደዋል። ዘሩንም አትጣሉት፤ ታጥቦና ደርቆ ሲቆላ ለማታ ጥናት የሚሆን ጥሩ ቆሎ ነው።

ገበያ ስትወጡ

በአዲስ አበባ ፒያሳ አጠገብ የነበረው የጥንቱ አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ መዛወሩ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ መሄዱ ይታወሳል። ለብቻው የሚኖር ሰው ግን እስከዚያ ድረስ መድከም የለበትም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በየክፍለ ከተማው የተከፈቱት የእሑድ ገበያዎች፣ በየመንገዱ ዳርም የሚቀመጡት ባልቴቶች ይበቁታል። ከሁሉ የሚሻለው አንዲት ሻጭ አውቆ ደንበኛ መሆን ነው።

«እማማ፣ በቆሎው የዛሬ ነው ወይስ የትናንት?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። «የዛሬ ነው ልጄ፤ ጧት ነው የቆረጥነው፤ ገለባውን ገልጠህ እየው» የምትል ሴት እምነት የሚጣልባት ናት። ገለባው አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ፣ ፀጉሩ ቡናማ ሆኖ ከጠቆረ፣ ፍሬውም በጥፍር ሲነካ ወተት የመሰለ ነገር ካወጣ በቆሎው በቀኑ ነው። ታዲያ ጥፍራችሁን በየበቆሎው እየሰካችሁ የሴትዮዋን ዕቃ አታበላሹ፤ አንዱን ማየት ይበቃል። ጎመን ስትገዙ ቅጠሉ ሲታጠፍ የሚሰበረውን ምረጡ እንጂ እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፈውን አትውሰዱ። ዱባ ደግሞ ሲነሣ ከመጠኑ ይልቅ የሚከብደው ይሻላል።

ቅጠሉ ከየት እንደ መጣም ጠይቁ። በአቃቂ ወንዝ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የበሽታ ተሕዋስያንና ጎጂ ብረቶች እንደሚገኙባቸው አሳይተዋል። ማጠብና ማብሰል ተሕዋስያኑን ቢከላከልም ብረቱን አያስወግደውም። ስለዚህ በዝናብ ከለማ የጓሮ መሬት የመጣውን ማወቅና መምረጥ ሌላው የክረምቱ ጥቅም ነው።

ስለ ማጀት የሚነሡ ምክንያቶች

ወጣቶች ይህን ሲሰሙ የሚያነሧቸውን ምክንያቶች እናውቃቸዋለን። አንደኛው «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚለው ነው። ይህ አስተሳሰብ እናትና እኅት በቤት ሞልተው በነበረበት ጊዜ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻውን የሚኖር ሰው ማጀት አልገባም ቢል፣ ክፍሉ ራሷ ማጀት መሆኗን ረስቷል። ደግሞም በዱቤ መዝገብ ላይ ስም ከማስጻፍና ጎመን ከመክተፍ የትኛው ይበልጥ እንደሚያሳፍር ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን። ነገ ትዳር ሲይዝም ድስት የሚያውቅ ባል ለሚስቱ ሸክም ሳይሆን አጋዥ ይሆናታል። መሥሪያ ቤት ውላ የምትገባ ሴት በዚህ ዘመን ብዙ ናትና።

ሁለተኛው የጊዜ ማነስ ነው። ይህኛው እውነትነት አለው። ነገር ግን ከላይ ከዘረዘርናቸው ምግቦች አብዛኞቹ በግማሽ ሰዓት አካባቢ የሚደርሱ ናቸው፤ ድንቹም ሲቀቀል ጠባቂ አይፈልግም፤ መጽሐፍ ይነበብበታል። በአንድ ግቢ የሚኖሩ አራት ጓደኛሞች ተራ ቢገቡ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከአራት ቀን አንድ ቀን ብቻ ያበስላሉ። ወጪው ይቀላል፤ ጎመኑም ትኩስ እንደ ሆነ ያልቃል፤ ብቻን የመብላት ክፉ ልማድም ይቀራል። «አብሮ የበላ» የሚለው ቃል በአገራችን ምን ያህል ክብደት እንዳለው ማስረዳት አያሻንም።

ሦስተኛው የእሳት ነገር ነው። ኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው እሰየው። ከሰል የሚጠቀም ግን ምድጃውን ከደጅ ያድርገው። በክረምት ብርድ ምክንያት የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል አስገብተው የተኙ ሰዎች በማይታይና በማይሸት ጭስ ታፍነው መሞታቸው በየጊዜው የሚሰማ ነው። በቆሎ መጥበስ ደስ ይላል፤ ይሁን እንጂ በረንዳ ላይ ይሁን።

አራተኛው «አልችልበትም» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ በኪሳችሁ ባለው ስልክ ውስጥ አለ። ወደ እናታችሁ፣ ወደ አክስታችሁ ወይም ወደ ታላቅ እኅታችሁ ደውሉና «ጎመኑን እንዴት ነበር የምትሠሪው?» ብላችሁ ጠይቁ። እናት ልጇ ምን በልቶ እንደሚያድር ስትጨነቅ ትኖራለችና ከዚህ የሚያስደስታት ጥያቄ የለም። ለእናንተም ትርፉ ብዙ ነው። እነዚህ ሴቶች ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ወራቱና ስለ እሳቱ የሚያውቁት ነገር በመጽሐፍ ያልተጻፈ በመሆኑ፣ ሳይጠየቅ ከቀረ አብሯቸው ያልፋል።

በማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወጣቱ ሥጋ አይብላ፣ ምግብ ቤትም አይግባ ማለታችን አይደለም። ከጓደኞች ጋር አንድ ምሽት ወጣ ብሎ መብላት የሚገባ ነገር ነው። የምንለው፣ የዕለት ምግባችንን ከወራቱ ጋር እናስማማ፤ በደጃችን የሚያልፈውን እሸት በስሙ እንጥራው፤ በቀኑም እንብላው ነው። ይህን ያደረገ ወጣት ወሩ ሲያልቅ በኪሱ ጥቂት ብር፣ በሰውነቱም ጤና ያገኛል። በቤቱ ያደገባቸውን ምግቦችም ያለ ኀፍረት ለእንግዳ ያቀርባል።

አገራችን ለልጆቿ እሸቴ፣ እሸቱ እያለች ስም ታወጣለች። አዲስ የደረሰ፣ ገና ያልደረቀ፣ ተስፋ የሚጣልበት ማለቷ ነው። እንግዲህ በዚህ ዕድሜ ያለ ወጣት እሸትን ሊንቅ አይገባውም። የገንፎው ምንቸት በደስታ ይግባ፤ የጎመኑም ምንቸት ታጥቦ በስፍራው ይቀመጥ።